የመንገድ ጓደኛ ዕዳ

«ቀበርሁት ብላቸው ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ፣ አባ?»

ይህን ጥያቄ ያቀረበልኝ አንድ የቀድሞ ወታደር ነው። የጠየቀኝ በመናዘዣ ሳይሆን በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ ስለ ነበር፣ የምሥጢረ ንስሐ ማኅተም የሚከለክለኝ ነገር የለም። በኋላም ታሪኩን ለምእመናን እናገር ዘንድ ፈቃዱን ስጠይቀው፣ ስሙንና ቀበሌውን እስካልጠራሁ ድረስ እንደማይከፋው ነግሮኛል። ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። በየቁምስናው የምታገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ቀን፣ ምናልባትም ከምታስቡት ቀድሞ፣ ይህንኑ ወይም ይህን የመሰለውን ትጠየቃላችሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ይዤ፣ እኔም የተሳሳትሁበትን ሳልደብቅ ልጽፈው ወደድሁ።

ለቅሶው የነበረው በ2008 ዓ.ም. በመርጡለ ማርያም ነው። አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ያገለገለባት፣ እኔም ፊደል የቆጠርሁባት ከተማ ናት። የአባቴ የቅርብ ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ማረፋቸውን ሰምቼ ሄድሁ። በድንኳኑ ውስጥ የሟቹ ልጆች ስለ አባታቸው የመጨረሻ ሰዓት እየተቀባበሉ ይናገሩ ነበር፦ ማታ ምን እንደ ቀመሱ፣ ማንን እንደ ጠሩ፣ ዓይናቸውን ማን እንደ ከደነ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና ድንገት ወደ እኔ ዞሮ ያን ጥያቄ ጣለልኝ።

እኔም ማንን እንደ ቀበረ፣ ለማን እንደሚናገር ሳልጠይቅ ከዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁትን መልስ ሰጠሁት። ሐሰት በባሕርይው ክፉ ነው፤ የተናጋሪው መልካም ሐሳብ አያጸድቀውም አልሁት። ሰውየው «ይሁን፣ አባ» ብሎ ለእንግዶች ጠላ ሊቀዳ ተነሣ። ያን ጊዜ አፈርሁ። መልሱ ስሕተት ሆኖ አልነበረም፤ ጥያቄውን ሳልሰማ ነበር የመለስሁት። ከራት በኋላ ፈልጌ አገኘሁትና «ጋሼ፣ አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ» ብዬ ከእሳቱ ዳር ተቀመጥሁ።

በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑትን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት የሚጠራ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ልከኛ ነገር ይመስላል። በገጠሩ የታየው ግን ለየገበሬ ማኅበሩ የተደለደለ ኮታና የገበያ ቀን አፈሳ ነው። ይህ ሰው የተያዘው በ1979 ዓ.ም. የአንድ በግ ዋጋ በመቀነቱ ቋጥሮ ከገበያ ሲመለስ ነው። ሁለቱ ዓመት አለፈ፤ ሦስተኛውና አራተኛውም ተከተሉ፤ «በቃህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ያለው ግን አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሲገባ ከረን አካባቢ ምሽግ ውስጥ ነበር።

እዚያ ያፈራው ጓደኛ የሳይንት ልጅ ነው። መርጡለ ማርያምን የምታውቁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው አገሩ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ፣ ከገደሉ ማዶም የወሎ ደጋ ተነሥቶ ሲታይ ያያል። ሁለቱ ወጣቶች በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ያደጉ ናቸው። አገር ሰላም ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሳይተዋወቁ ዕድሜያቸውን በፈጸሙ ነበር። በኤርትራ ምሽግ ውስጥ ግን ያገር ልጅ ሆኑ። አንዱ የሌላውን እናት በስም አወቀ፤ የቤታቸውን አቅጣጫ፣ የውሻቸውን ስም ሳይቀር ተማማሩ። ከሁለት አንዳችን ብንቀር የተረፈው ሄዶ ለእናት ይንገር ተባባሉም። ይህ ቃል በማናቸውም መዝገብ አልተጻፈም።

ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጥተው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ግንቦት 16 ቀን ሻዕቢያ አሥመራ ገባ። ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዘ። በእነዚህ ስምንት ቀናት ውስጥ በአህጉራችን ከታወቁት ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱ የነበረው ኃይል ወገንና አለቃ የሌለው የመንገደኛ መንጋ ሆነ። ከፊሉ መረብን ተሻግሮ ወደ ትግራይ አቀና፤ ከከረን በኩል የነበረው ብዙ ሰው ደግሞ የአቆርዳትን ቆላ አቋርጦ ወደ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ ነጐደ። የወሩን ሙቀት የሚያውቅ ሰው መንገዱን ሊገምት ይችላል።

የሳይንቱ ልጅ እግሩ ቆስሎ ነበር፤ በዚያ ላይ ወባ ያዘው። የመጀመሪያውን ቀን አራት ሆነው እየተፈራረቁ ደገፉት። በማግስቱ ሁለቱ ተለዩ። በሦስተኛው ቀን የኛ ሰው ብቻውን አዘለው፤ እስከ ቀትር አዘለው። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ካደው። ከአንዲት ግራር ሥር አጋደመውና «ውኃ ፈልጌ እመለሳለሁ» አለው። ይህን ሲናገር እውነቱን ነበር። ወደ ውኃው የደረሰው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ብዙ ሰው የሚጋፋበት፣ በአሸዋ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ጠጣ፤ ኮዳውን ሞላ፤ ጥቂት ልረፍ ብሎ ተኛ። ሲነቃ ንጋት ነው፤ ተኩስ ይሰማል፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ኮዳው ሙሉ ነበር። ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያም ከሰው ጋር ሄደ።

«ምክንያቱን ንገረኝ ብትለኝ አልነግርህም፣ አባ። እግሬ ነው የሄደው» አለኝ።

ከሰላ ላይ ጠመንጃውን አስረከበ፤ በሰፈሩ ሳምንታት ቆየ፤ በመተማ በኩል ጎንደር ገባ። ከዚያ በደብረ ታቦርና በእስቴ አድርጎ በእግሩ ወደ ዓባይ ወረደ። በዚያ በኩል ወደ ሞጣ የሚመጣ መንገደኛ የሚሻገረው በሰባራ ድልድይ ነው። የነገሥታት ዘመን የድንጋይ ሥራ ሲሆን፣ መካከሉ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ስለ ቀረ፣ ሰው በገመድ ታስሮ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጉልበተኞች እየተሳበ ይሻገር ነበር። ሐምሌ ነው፤ ዓባይ ሞልቷል። ገመዱን በወገቡ ሲያስሩለት «ምን ይዘሃል?» ቢሉት ከኮዳው በቀር የያዘው አልነበረም። በማግስቱ ማታ ከእናቱ ደጅ ደረሰ። እልልታ ሆነ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሊለው መጣ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ለሃያ አምስት ዓመት ወደ ሳይንት አልተሻገረም። እናትየው በሕይወት እንዳሉ ከገበያተኞች ይሰማል፤ ልጃቸውን እንደሚጠብቁም ይሰማል። አሁን ግን አርጅተዋል። ሳይሞቱ ሄዶ፣ በእጄ ላይ አረፈ፣ እኔው ቀበርሁት፣ መስቀልም አቆምሁለት ብሎ ሊነግራቸው አስቧል። ሽማግሎችም ይህንኑ መክረውታል። ይህ ነበር ጥያቄው።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ትዝታ ላስገባ፤ ከነገሩ የራቀ አይደለም። በዚያ ክረምት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የተበተኑት ወታደሮች በከተማችን ሲያልፉ አስታውሳለሁ። ትናንት ሲጮኹብን የነበሩ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ከደጃፍ ቆመው «ስለ ማርያም» ይሉ ነበር። ሌሊቱን እቴጌ እሌኒ ካሳነጿት ከጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተጠግተው የሚያድሩ ነበሩ። ሰው ይፈራቸው ነበር፤ መፍራቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። እናቴ ቂጣና ቆሎ በመስኮት ታቀብል ነበር፤ በሩን ግን አትከፍትም።

ከቤታችን ቀጥሎ የነበሩት ጎረቤታችን ግን በራቸውን ከፍተው መንገድ ላይ ይቀመጡ ነበር። የሚያልፈውን ሁሉ እያስቆሙ የልጃቸውን ስም፣ የቁመቱን ልክ፣ በግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ ይነግሩና «አላየኸውም ልጄ?» ይላሉ። አንድ ቀን አንዱ ወታደር ጥቂት አሰበና «አዎ፣ አውቀዋለሁ። ደኅና ነው፤ ከኋላ እየመጣ ነው» አላቸው። አብልተው አጠጥተው፣ የልጃቸውን ጋቢ አልብሰው ሸኙት። በዚያው ሳምንት ጠላ ጠነሰሱ። ጠላው ደረሰ፤ ሆመጠጠም። እኛ ከመርጡለ ማርያም ስንለቅ እንኳ እኚያ እናት ማታ ማታ በሩን ሳይቀረቅሩ ይተኙ ነበር። ያ ወታደር የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ ዛሬ አልጠራጠርም። ክፉ ሰው ነበር ብዬም አላስብም። አንዲት እናት ሲለምኑት ሊሰጣቸው የሚችለው ያ ብቻ ነበርና ሰጣቸው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በመጀመሪያ ጓደኛውን መተዉ ራሱ ኃጢአት ነበር ወይ? በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 30 ላይ፣ ብዙ ጊዜ የማንሰብከው ታሪክ አለ። ዳዊትና ስድስት መቶ ሰዎቹ ከተማቸውን ያቃጠሉትን አማሌቃውያን እያሳደዱ ቦሦር ወደሚባለው ወንዝ ሲደርሱ፣ ሁለት መቶዎቹ ከድካም የተነሣ መሻገር አቃታቸው። አራት መቶዎቹ ትተዋቸው ሄዱ። መጽሐፉ ስለ መተዋቸው አይነቅፋቸውም። ሲመለሱ ግን ከድል አድራጊዎቹ ክፉዎቹ፣ ለቀሩት ምርኮ አናካፍልም አሉ፤ ዳዊት ይህን ከለከለ። የሄደውና ዕቃ ሲጠብቅ የቀረው እኩል ይካፈላሉ ብሎ ሥርዓት አደረገ። የማይቻለውን የሚያስገድድ ሕግ የለም የሚለው የግብረ ገብ ትምህርታችን መሠረት ይህን ይመስለኛል፤ ጓደኛህን መሸከም ባትችል መተውህ አያስኰንንህም። ነገር ግን ተለየኸው ማለት በመካከላችሁ ያለው ነገር አበቃ ማለት አይደለም።

በዚያው ምዕራፍ ሌላም ሰው አለ። የዳዊት ሰዎች በሜዳ ላይ የወደቀ አንድ ግብፃዊ ያገኛሉ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እህል ውኃ አልቀመሰም። የአማሌቃዊ አገልጋይ ነበረ፤ ቢታመም ጌታው በመንገድ ጥሎት ሄደ። ይህን ስናነብ የ1983 ዓ.ም. ግንቦትን አለማሰብ አይቻልም። የመጀመሪያው ጥሎ ሂያጅ ከግራር ሥር የተነሣው ያ ወጣት አልነበረም። ያፈሰው፣ ያስታጠቀው፣ ሁለት ዓመት ብሎ አራት ዓመት ያቆየው መንግሥት ቀድሞ ጥሎታል። የበላዮቹ በአውሮፕላንና በመኪና ሲሄዱ እርሱ በእግሩ ቀረ። ይህን የምለው የእርሱን ድርሻ ልሰርዝለት ብዬ አይደለም። ዕዳ ሲቆጠር ከላይ መጀመር ተገቢ ስለሆነ ነው። ከሁሉ በታች ያለው ብቻውን ሌሊት የማይተኛበት፣ ከላይ ያለው ተረጋግቶ የሚኖርበት ሒሳብ ትክክል ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ የሰውየው ሕሊና የሚወቅሰው በቀትሩ መለየት እንዳልሆነ አስተውላችኋል። የሚወቅሰው በንጋቱ ነው፤ ኮዳው ሙሉ ሆኖ ሳለ ስላልተመለሰበት ንጋት። በዚያ ሰዓት ፈቃዱ ምን ያህል ነጻ ነበር? ፍርሃትና ድካም የሰውን ነጻነት እንደሚቀንሱ፣ አንዳንዴም ፈጽመው እንደሚያጠፉ እናስተምራለን። ስለዚህ ጥፋቱ ከባድ ነው ልለው አልደፈርሁም። ጥፋት የለብህም ልለውም አልደፈርሁም። ምክንያቱን ስጠይቀው በእግሩ ያመካኘው፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲሁ ሲለው ስለኖረ ነው። «ጦርነት ነው፤ ምን ታደርግ ነበር?» ይሉታል። ሚስቱ ትለዋለች፤ የዘመቻ ጓደኞቹም ይሉታል። ከፍቅር የሚሉት ነው፤ ግን አንድም ሌሊት አላስተኛውም። ለምን? የሚያጽናኑት እርሱ ያላደረገውን ሰው ስለሆነ ነው። በዚያ ንጋት ወደ ኋላ የተመለከተውን ሰው ማንም አላናገረውም።

እንግዲህ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ቀበርሁት የሚለው ሐሰት ለእናትየው የሚያደርገው፣ «ምን ታደርግ ነበር» የሚለው ቃል ለእርሱ ያደረገውን ነው። እናትየው የሚያለቅሱት በሌለ መቃብር ላይ፣ ባልሆነ አሟሟት ይሆናል። ልጃቸው ግን፣ ያ በግራሩ ጥላ ተጋድሞ ውኃ የጠበቀው ልጅ፣ ያለ አልቃሽ ይቀራል። ይህን በእሳቱ ዳር ስነግረው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እሱስ እውነት ነው፤ እርሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለኝ።

ለተቃራኒው ሐሳብ ግን ፍትሐዊ መሆን ይገባናል፤ ሽማግሎቹ ሞኞች አልነበሩም። በአገራችን መርዶ ትልቅ ነገር ነው። መርዶ ያልደረሰበት ቤት ድንኳን አይተክልም፤ ለቅሶ አይቀመጥም፤ ለነፍሱም ጸሎት ለማስደረግ ይሳቀቃል፤ እንደ ማሟረት ይቆጠራልና። ቁርጡን አለማወቅ ከሞት ይከፋል ሲባል የምንሰማው በከንቱ አይደለም። ሽማግሎቹ ያሰቡት ለአንዲት አሮጊት እናት የቁርጥ ቀን ለመስጠት ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስም ይህን የመሰለ ነገር ገጥሞታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ420 ዓ.ም. ገደማ ሐሰትን በመቃወም በጻፈው ድርሰት ውስጥ፣ በጠና የታመመ አባት አንድ ልጁ እንደ ሞተ ሳያውቅ «ልጄ በሕይወት አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትላለህ ሲል ያነሣል። ሞቷል ብትለው ሊገድለው ይችላል፤ አለ ብትለው፣ አላውቅም ብትለውም ሐሰት ነው። ታላቁ መምህር መልሱን ከመስጠቱ በፊት ጥያቄው እንደ ሰው አንጀቱን እንደሚያንቀሳቅሰው አልሸሸገም። በመጨረሻ ግን ሐሰትን አልፈቀደም፤ ለርኅራኄ ተብሎ አንድ ጊዜ በሩ ከተከፈተ የት ላይ እንደሚዘጋ የሚያሳይ እንደማይኖር አይቷልና። እኔ በድንኳኑ ውስጥ የሰጠሁት መልስ የአውግስጢኖስ ነበር፤ አንጀቱ ግን አልነበረበትም።

የኛ ጉዳይ ከአውግስጢኖስ ምሳሌ በአንድ ነገር ይለያል። በዚያ ተጠያቂው የልጁን ሞት ያውቃል። የኛ ሰው አያውቅም። የሚያውቀው ከግራር ሥር በሕይወት እንደ ተወው ብቻ ነው። ሞተ ማለት ለእርሱ እንኳ ግምት ነው፤ ምንም እንኳ ሌላ ነገር መገመት ቢከብድም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ልዩነት እንዴት አክብዳ እንደምትይዘው ለማየት የጋብቻን ሕግ ማስታወስ ይበቃል። ባሏ ከዘመቻ ያልተመለሰ ሴት ዳግመኛ ለማግባት ስትጠይቅ፣ የቱንም ያህል ዓመት ቢያልፍ የጊዜው ርዝመት ብቻውን አይበቃም። ከምስክሮች ቃል፣ ከሚወራው ወሬና ከሌሎች ማስረጃዎች ተመርምሮ ጳጳሱ ስለ ሞቱ በሕሊና እርግጠኛ ሲሆን ነው የሚፈቀድላት። እንዲህ የሚያስጨንቀን ቢሮክራሲ ስለምንወድ አይደለም። በአንድ ምስክር ቃል ላይ የሰው ትዳር፣ የልጆች ስም፣ የርስት ክፍፍል ይቆማል። የሳይንቱ ልጅ ሚስት አልነበረችውም፤ ወንድሞች ግን ነበሩት።

ይህ ዕዳ በአንድ ሰው ላይ የወደቀበትን ምክንያትም ማሰብ ይገባል። የጎጃም አባቶች በ1928 ዓ.ም. ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ወደ ሽሬ ዘምተው፣ ተሸንፈው፣ በተከዜ መሻገሪያ ከአየር እየተቃጠሉ ተመልሰዋል። ያ ሠራዊትም ቢሆን ተበትኖ ነው የገባው። ነገር ግን ሰው የሚዘምተው ከአገሩ አለቃና ከጎረቤቱ ጋር ስለ ነበር፣ የወደቀውን ያየ ሰው ተመልሶ የሚገባው እዚያው ቀዬ ነው። መርዶው ከተመላሹ ጋር አብሮ ይገባ ነበር። የ1983ቱ ሠራዊት ከመላ አገሪቱ ታፍሶ የተደባለቀ ነው፤ የአንዱ ምስክር በሌላው ጠቅላይ ግዛት ይኖራል። ከዚያ በኋላ የቀድሞውን ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሥርቶ፣ ከ400 ሺህ በላይ የሆኑ ወታደሮች ወደየቀያቸው እንዲመለሱ ተደርጓል፤ ለሥራው ምስጋና ይገባዋል። ለብዙ ቤት ግን የቀሩትን ስም ይዞ የመጣ አልነበረም። ያን ሥራ መሥራት የሚችለው አብሮ የተጓዘው ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም አፍሮ ዝም አለ።

ስለዚህ የሰውየው ዋና ጥፋት የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከግራሩ ሥር ወይም ከውኃው ጉድጓድ ይልቅ በሃያ አምስቱ ዓመት ዝምታ ውስጥ ነው እላለሁ። እዚያ ወባ አልነበረም፤ ተኩስ አልነበረም። የሁለት ቀን መንገድ ብቻ ነበር። ይህን ስነግረው አልተከራከረኝም።

ከዚያም እንዴት እንደሚነግራቸው ተመካከርን። እውነትን መናገር ያወቁትን ሁሉ ሳይጠየቁ ማፍሰስ አይደለም። ያላዩትን አይመሰክሩም፤ ያዩትን ግን በልክ፣ በሰዓቱ፣ ሰሚው ሊሸከም በሚችለው መጠን መናገር ይቻላል። የት እንደ ተለያዩ፣ ታሞ እንደ ነበር፣ እስከ ቀትር እንዳዘለው፣ ከዚያ በኋላ እንዳላየው፣ በሕይወት አለ ብሎም እንደማያስብ ይንገራቸው። ስለ ኮዳው ካልጠየቁት አይናገር፤ ከጠየቁት ግን አይዋሽ። ይህ ነበር ምክሬ። ብቻውን እንዳይሄድ፣ የሳይንት ሽማግሌዎችን አስቀድሞ እንዲያገኝም ጨመርሁ።

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ነገር የሚመስለው ካለ፣ ወደ ቅርቡ ይመልከት። በሰሜኑ አገራችን የነበረው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተቋጨ በኋላ፣ በትግራይ ለወደቁት መርዶ በይፋ የተነገረው ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. የሐዘን ቀናት ታውጀው ነው። በየሰፈሩ በአንድ ቀን ስንት ድንኳን እንደ ተተከለ ያዩ ይናገራሉ። በሌላውም ክልል ልጃቸው ከዚያ ጦርነትና ከዚያ ወዲህ ከተነሡት ግጭቶች ያልተመለሰላቸው፣ ቁርጡን የማያውቁ ቤቶች አሉ፤ በመካከላችሁም አሉ። ከተመለሱትም መካከል ስለ አንድ ሰው የሚያውቁትን በሆዳቸው የያዙ አሉ። እነርሱ ወደ እናንተ ሲመጡ ጥያቄው እንዲህ ጥርት ብሎ አይመጣም። ስለ ጸሎት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መጠጥ ያነሡና ይሄዳሉ። እኔ እንዳደረግሁት ፈጥናችሁ አትመልሱ።

ሰውየው በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ዓባይን በበጋ መሻገሪያው ተሻግሮ ሄደ። ከተመለሰ በኋላ ስልክ ደወለልኝ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ያጫወተኝ እንዲህ ነው።

እናትየው ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲገባ ማን እንደሆነ ሳይነገራቸው ስሙን ጠሩት። ልጃቸው በደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበርና ያውቁታል፤ ሃያ አምስት ዓመት ሲጠብቁ የኖሩት ልጃቸውን ብቻ ሳይሆን እርሱንም ነበር። ነገራቸው። እስኪጨርስ አላቋረጡትም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ስትለየው ውኃ ነበረው?»

«አልነበረውም፣ እማማ» አላቸው። «ውኃ ላመጣለት ነው የሄድሁት። አገኘሁ፤ ግን አልተመለስሁም።»

በቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዝም አሉ። እናትየው ግድግዳውን እየዳበሱ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ በቅል ውኃ ይዘው ነበር፤ ከፊቱ አስቀመጡትና በቦታቸው ተቀመጡ።

«ጠጣኸው?» አልሁት በስልክ።

«ጠጣሁት፣ አባ» አለኝ።